ቡችላውን ከማምጣትሽ በፊት ይሄን አንብቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። ስምንት ዓመት አብሯችሁ የኖረው ውሻችሁ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው። ልጆቹ ምግብ እምቢ ብለዋል። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሰው የአንድ ወር ቡችላ በ3,000 ብር እሸጥልሻለሁ ብሏል። «አሁኑኑ ላምጣው ወይስ ልቆይ? የሟቹን ውለታ መርሳት አይሆንብኝም?» ብለሻል። ብዙ ሰው «አምጪው፣ ልጆቹ ይረሱታል» ብሎሻል። እኔንም ያኔ እንዲሁ ነበር ያሉኝ። ሰምቻቸው ምን እንደደረሰብኝ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ውለታው። አብሽሪ፣ ውለታ መርሳት አይደለም። እኔም ደሴ ነኝ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። መከታ የሚባል ውሻ ነበረን። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማውን ለቀን ስንወጣ መኪናው ላይ ለእሱ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ሰንሰለቱን ፈትቼ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ሄድኩ። ደብረ ብርሃን ተጠግተን ሳለ ልጄ በየማታው «መከታ እራት በልቷል?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፣ ግን በሕይወት አለ። ለካ ጎረቤታችን ሀጂ ናቸው ያቆዩት። እሳቸው ውሻ አይነኩም፣ ለሰላት የታጠቡበትን ዉዱእ ይጠብቃሉ። ያቺን ለራሳቸውም ያልበቃች ፍርፋሪ በቆርቆሮ ክዳን አድርገው፣ በከዘራቸው ወደ እሱ ገፋ እያደረጉ ይሰጡት ነበር።

እንዲህ ያለ ውሻ ነው ጥቅምት 2016 ላይ በ11 ዓመቱ የሞተብኝ። በእርጅና ነው። ከኮክ ዛፉ ሥር ቀበርነው። እና ይገባኛል።

አሁን ወደ ምክሩ።

1. የአንድ ወር ቡችላ አትቀበዪ። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት። ከወተቱም በላይ፣ ከወንድም እህቶቹ ጋር እየተናከሰ ነው ጥርሱን መቆጣጠር የሚማረው። ያለዚያ የልጆችሽን እጅ ሲያኝክ ይውላል። ብርዱም አለ። ኮምቦልቻ የተወለደ የወር ቡችላ የደሴ ሌሊት ይከብደዋል።

2. የክትባት ካርድ ሳታዪ ብር አትክፈዪ። እኔ ታኅሣሥ ላይ፣ መከታ በሞተ በሁለት ወሩ፣ መንገድ ዳር ከሚሸጥ ልጅ በ2,500 ብር ገዛሁ። «አንድ ወር ከሳምንቱ ነው፣ ክትባቱን ጨርሷል» አለኝ። እኔም አመንኩት። ያኔ ባውቅ ኖሮ እዚያው ትቼው እሄድ ነበር። የቡችላ ክትባት የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ላይ ነው። ከዚያ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የሚደጋገመው ከእናቱ የወረሰው መከላከያ የመጀመሪያዎቹን መርፌዎች ሊያከሽፋቸው ስለሚችል ነው። ስለዚህ በወሩ «ጨርሷል» የሚባል ቡችላ የለም።

3. የሟቹን ዕቃ ለአዲሱ አትስጪ። ይሄ ነው እኔን ያቃጠለኝ። መከታ የሚተኛበት አሮጌ ጋቢ ነበረ፣ የአባቴ ጋቢ። ጠርዙ ላይ የመከታ ፀጉር ተጣብቆበታል። ሳይታጠብ አስቀምጬው ነበር፣ አንዳንዴ አነሳና አሸተዋለሁ። ልጄ ቡችላውን በዚያ ጋቢ ጠቀለለችው። ስሙንም «መከታ» አለችው። እኔም ዝም አልኩ። ልቤ ትንሽ ሞቅ አለ፣ እውነቱን ለመናገር።

ቅዳሜ አመጣነው። ማክሰኞ ምግብ ተወ። ረቡዕ ጠዋት ያስመልሰው ጀመር፣ ከዚያ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ልጄ ከነጋቢው ታቅፋው አንድ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ካርድ የሚቆርጠው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «ምንድነው?» አለ። ቡችላ መሆኑን ነገርኩት። «እኛ ለከብት ነን» አለ። ሐኪም እንኳ አይቶት እንዲነግረኝ ለመንኩ። «ከሞተ ሌላ ትገዛለህ» አለኝ። ልጄ እኮ ፊቱ ቆማለች! ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከብት ይበልጣል ካለ ይበል፣ አልከራከረውም፣ ገበሬው ኑሮው ነው። ግን ቀና ብሎ የልጅቷን ፊት ማየት ምን ይከብዳል? ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሷም አልረሳችውም።

ማታ አንድ በግል የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ቤታችን ድረስ መጣልን። ግሉኮስ ሰጠው። ደግሞም እውነቱን ነገረን። ፓርቮ የሚባል የውሻ በሽታ ነው አለ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፣ ፈሳሹን እየተኩ ሰውነቱ እስኪያሸንፍ ማገዝ ብቻ ነው። በሽታው ከያዘው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳልና ከሻጩ ጋ ሳለ ይዞት የመጣ ይመስላል። ሐሙስ ሌሊት ሞተ።

በማግስቱ ሐኪሙ ሌላ ነገር ነገረኝ። ይሄ ቫይረስ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፣ እስከ ዓመትም ሊሄድ ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም። ለሌላው በሽታ ሁሉ የምናምነው ፀሐይና ማጠቢያ እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም። ጨርቁን ሁሉ አቃጥል አለኝ።

ጋቢውን ግቢ አወጣሁት። ክብሪት ሦስት ጊዜ ጫርኩ። ሱፍ ባይሆንም ቶሎ አልያዘም፣ ጠርዙ ጋ ጢስ ጢስ እያለ ቆየ። የመከታ ፀጉር መጀመሪያ ተቃጠለ። ያች ናት ከእሱ የቀረችኝ፣ በገዛ ችኮላዬ አጠፋኋት። እባክሽ፣ የእናንተ ውሻ የሚተኛበት ነገር ካለ አጥበሽ፣ ጠቅልለሽ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። ለማንም አትስጪው።

እንግዲህ የቀረው ምክሬ ከዚህ የመጣ ነው። የእናንተ ውሻ በምን እንደሞተ አልጻፍሽም። እንደኛው በእርጅና ከሆነ ግቢያችሁ አያስፈራም። በተቅማጥና በማስመለስ ከሆነ ግን ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አፈር ላይ እንዳታሳርፊ። ሲሚንቶውንና ሳህኑን መጀመሪያ በሳሙና እጠቢ፣ ቆሻሻ ካለበት በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና በሠላሳ ሲኒ ውሃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ አቆዪበት፣ በኋላ አለቅልቂው። አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳልሽም። ጊዜ ነው የሚያጸዳው።

እኛ እንዲህ አደረግን። ሚያዝያ ላይ የተወለደች ቡችላ አገኘሁ፣ እናቷን አይቼ፣ ሁለት ወር ሲሞላት ነው የወሰድኳት። ደሴ አላመጣኋትም። ሐይቅ ከተማ እህቴ ጋ አስቀመጥኳት። እዚያ ውሻ ኖሮ አያውቅም፣ ደግሞ ከደሴ ይሞቃል። ክትባቷን ያው ሐኪም ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን አስመጥቶ በ8፣ በ12 እና በ16 ሳምንቷ ወጋልኝ። የእብድ ውሻውን በሦስት ወሯ። የትል መድኃኒቱንም በየሁለት ሳምንቱ። ልጄ እሁድ እሁድ ከእናቷ ጋር በሚኒባስ እየሄደች ታያት ነበር። የመጀመሪያው እሁድ አልነካችም። በር ላይ ቆማ አየቻት። በሦስተኛው እሁድ «ይቺ መከታ አይደለችም፣ ብርቄ ትባል» አለች። እኔ ምንም አላልኳትም፣ ራሷ ናት ያወጣችው። ለእንቁጣጣሽ ቤት ገባች። ሰዉ «ሴት ውሻ ምን ትሠራልሃለች፣ ግቢህን ቡችላ ልታስሞላው ነው» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጅብ ከወንዙ ሲወጣ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። እንኳን አልሰማኋቸው!

ብርቄ ሌሊት ስታለቅስ እህቴ የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላ ከጎኗ ታስተኛላት ነበር። ሦስት ሌሊት ብቻ ነው ያለቀሰችው። የላም ወተት አትስጪ፣ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተዪ፣ ስል ሆኖ ነው የሚሰበረው። የእርድ ቀን ጥሬ ሳንባና ጉበትም አትጣዪለት፣ ለውሻውም ለልጆችሽም የሚተርፍ ትል ሊኖርበት ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ሰፈራችን። ቡችላ ሰው ላይ መንጠላጠል ይወዳል፣ ትንሽ ስለሆነም ሁሉም ይስቅለታል። ከመጀመሪያው ቀን አስተዪው። ጎረቤቱ ለሰላት ሲወጣ ልብሱን ከላሰው ተመልሶ ሊታጠብ ነው። ብርቄ ስትንጠላጠል የሚያናግራት አልነበረም፣ አራት እግሯ መሬት ሲነካ ብቻ ነው የምትዳበሰው። በሁለት ሳምንት ገባት። አሁን ሀጂ ሲያልፉ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። እሳቸውም «እንዴት አደርሽ» ይሏታል፣ ከዘራቸውን ወዝወዝ አድርገው።

ቡችላው ልጅ ቢነክስ፣ ክትባት ይኑረውም አይኑረውም፣ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቢና ጤና ጣቢያ ውሰጂ። ነጭ ሽንኩርት ምናምን አትቀቢበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም።

የኮምቦልቻውን ሰውዬ እንዲህ በዪው። ቡችላውን ሌላ አንድ ወር ከእናቱ ጋር ያቆይልሽ፣ ቀብድ ስጪው። ሄደሽ እናቱን እዪ፣ ወንድሞቹም ደህና መሆናቸውን እዪ። ልጆቹንም ይዘሻቸው ሂጂ፣ ግን ዕለቱን ይዛችሁ አትመለሱ። «ዛሬ ካልወሰድሽ ሌላ ገዢ አለኝ» ካለሽ ይሽጥለት። ደሴ የሚመጣልሽ ሐኪም ካስፈለገሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አገናኝሻለሁ።