የሙዚየሙ አድራሻ ቤቲንግ ቤት ሆነ፤ አሁን ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ «በአንድ የወረዳ ከተማ ባለች ትንሽ ሙዚየም አስጎብኚም ንብረት ጠባቂም ነኝ። ዌብሳይታችንን ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የከተማችን ልጅ በነጻ ሠራልን። ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን ስም፣ የገዛውም እሱ ነው፣ በራሱ ስምና በዘመድ ካርድ። ልጁ አሁን ውጭ አገር ነው። ባለፈው ሳምንት ሊጎበኙ የመጡ ተማሪዎች ቲኬታችን ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ስካን ሲያደርጉ የቤቲንግ ገጽ ወጣ። መምህራቸው አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ኢሜይላችንም ደብዳቤ አይቀበልም። ሰብረው ገብተው ይሆን? ስሙንስ ማስመለስ ይቻላል?»

መልስ፦ ማንም ሰብሮ አልገባም። ስሙ ሳይከፈልበት ጊዜው አለፈና ተለቀቀ፣ ሌላ ሰው ገዛው። የላኩልኝን አድራሻ መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ። እዚህ አልጽፈውም፤ ለቤቲንጎቹ ደንበኛ መላክ ይሆንብኛል። የተመዘገበበት ቀን ያለፈው ወር ነው ይላል። የእናንተ ስም ግን ስድስት ዓመት የቆየ ነበር። ስለዚህ የድሮው ምዝገባ ሞቶ፣ ሰውየው ከዜሮ አዲስ አስመዝግቦታል። አሁን ሕጋዊው ባለቤት እሱ ነው። ስልክ ደውሎ «የኛ ነበር» ማለት አያስመልሰውም።

ግን የዌብሳይቱን ነገር ለጊዜው ይተዉት። እኔን ያስደነገጠኝ ደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ተጨማሪ ነገር የጠቀሷት ኢሜይል ናት። ኢሜይላችሁ መቀበል ያቆመ መስሏችሁ ሌላ ሰው እየተቀበለላችሁ ሊሆን ይችላል። ዌብሳይቱ የት እንደሚገኝ የሚያሳየውም፣ ደብዳቤው ወደየት እንደሚሄድ የሚያሳየውም የአንዱ ዶሜይን መዝገብ ነው። ስሙን የያዘ ሰው «ከፊቱ ምንም ይጻፍ፣ በዚህ ስም የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ለእኔ አምጣ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ከዚያ የሙዚየሙ ፌስቡክ አካውንት ላይ ሄዶ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» ይላል። መግቢያው ወደ ድሮው ኢሜይላችሁ ይላካል፣ ማለትም ወደ እሱ። ሰውየው ይህን አድርጓል አላልኩም። አብዛኞቹ ገዢዎች ለደብዳቤ ግድ የላቸውም። ግን በሩ ክፍት ነው።

ስለዚህ ዛሬ፣ ይህን አንብበው እንደጨረሱ፣ በዚያ ኢሜይል የተከፈተውን ሁሉ ይፈልጉ። ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ጉግል ካርታ ላይ ያለው የሙዚየሙ ገጽ፣ ባንክ፣ ለእርዳታ ፕሮጀክት ያመለከታችሁበት ቦታ ሁሉ። አንድ ነገር አደራ፦ አሁን በስልክዎ ወይም በቢሮው ኮምፒውተር ተከፍቶ ያለውን አካውንት እንዳይዘጉት። አንዴ ከወጡ መግቢያው በጠፋው ኢሜይል በኩል ይሆንና ደጅ ይቀራሉ። ክፍት እንዳለ ወደ ቅንብሩ ይግቡ፣ አዲስ ጂሜይል ይጨምሩ፣ ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ፣ ከዚያ የድሮውን ኢሜይል ያጥፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አዲሱ ሳይረጋገጥ የድሮውን አያጥፉ።

ስልክዎ ላይ ያለውን የድሮ ኢሜይል አካውንትም «አይሠራም» ብለው እንዳያነሱት። የቆዩት ደብዳቤዎች እዚያ ብቻ ቀርተው ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገውን ወደ አዲሱ ያስተላልፉ ወይም ያትሙት። ከዚያ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው፣ ለትምህርት ቤቶቹ፣ ለአስጎብኚ ድርጅቶቹ በስልክ ይንገሩ፦ ከዛሬ ጀምሮ ከድሮው አድራሻ «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ እኛ አይደለንም።

ወደ ቲኬቱ እንምጣ። ኪውአር ኮድ ምትሃት የለውም፤ በነጥብ የተጻፈ አድራሻ ነው። አንዴ ከታተመ ታተመ። የቀረውን ቲኬት መጣል ግን ያሳዝናል፣ ወረቀት ተወዷል። ነጭ ተለጣፊ ገዝተው ኮዱን ይሸፍኑት። በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ፣ ብሮሹሩን፣ ዕቃዎቹ አጠገብ ያሉትን ካርዶች አይርሱ። አዲሱን ኮድ ሲያሠሩም ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሠሩት አንዳንዶቹ አድራሻዎን አይጽፉም፤ የራሳቸውን አድራሻ ጽፈው ከዚያ ወደ እርስዎ ያሻግራሉ። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ኮዱ ይዘጋል፣ ወይም ክፈሉ ይላል። ለማረጋገጥ ኮዱን በስልክ ሲያነሱ መጀመሪያ የሚታየው ጽሑፍ የራስዎ አድራሻ መሆኑን ይዩ። ካልሆነ አያትሙት።

አሁን ስሙ እንዴት እንደጠፋ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የኢንተርኔት ስም ግን ካልተከፈለበት ቢበዛ ሰማንያ ቀን ነው ዕድሜው። ዶት ኮምና ዶት ኦርግ ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ሻጩ፣ ማለትም ስሙን ያስመዘገበላችሁ ድርጅት፣ እስከ 45 ቀን ሊያቆያቸው ይችላል፣ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ በተለመደው ዋጋ ያድሳሉ። ብዙዎቹ ግን 45ቱን ቀን ሙሉ አይጠብቁም። ቀጥሎ 30 ቀን የቅጣት ጊዜ አለ። ማስመለስ ይቻላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከ80 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ከዚያ 5 ቀን ማንም አይነካውም። በስድስተኛው ይለቀቃል። የሚለቀቀውን የሚጠብቅ ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ በሰከንድ ውስጥ ይቀልበዋል።

ማስጠንቀቂያ ሳይመጣ አልቀረም። የዶሜይን ዓለምን የሚያስተዳድረው አይካን ባወጣው ደንብ ሻጩ ወር ሲቀረው፣ ሳምንት ሲቀረው፣ ካለፈ በኋላም በአምስት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሦስቱም ደብዳቤዎች ለልጁ የድሮ ኢሜይል ሄደዋል። በዚያ ላይ ስሙ ከመጥፋቱ በፊት ዌብሳይቱ ለተወሰነ ቀን እንዲቋረጥ ደንቡ ያዛል፣ ባለቤቱ እንዲደነግጥ ተብሎ። እናንተ ጋ ያኔ «ኔትወርክ ነው» ተብሎ ታልፏል ብዬ እገምታለሁ። እዚህ አገር ደወሉ ሲጮህ የሚሰማው ይኸው ነው።

ይህን የሚያነቡ ሌሎች ድርጅቶች ስማችሁን አሁኑኑ ሉክአፕ ዶት አይካን ዶት ኦርግ ላይ ፈትሹ። ነጻ ነው። «ሪደምፕሽን ፒሪየድ» የሚል ካያችሁ የቅጣቱ ጊዜ ላይ ናችሁ፣ ሩጡ። «ፔንዲንግ ዲሊት» ብቻ ካለ አልቋል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጊዜው ያለፈ ስም መዝገቡ ላይ ገና አንድ ዓመት የቀረው መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ማዕከላዊው መዝገብ በራሱ ጊዜ ዓመቱን ይገፋዋል፣ ሻጩ ደግሞ ገንዘብ ካላየ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ቀኑን ሻጩ ጋ ባለው አካውንት ውስጥም አረጋግጡ።

ለእርስዎ መጽናኛ ይሆን እንደሆነ፣ በ1999 በፈረንጆች ገና ዋዜማ ማይክሮሶፍት ራሱ ፓስፖርት ዶት ኮም የሚለውን ስሙን ማደስ ረስቶ የሆትሜይል ተጠቃሚዎች መግባት አቅቷቸው ነበር። አንድ ፕሮግራመር ከራሱ ኪስ 35 ዶላር ከፍሎ አደሰላቸው። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛዬን ስም አስበልቻለሁ። ማስታወሻው ይመጣበት የነበረውን ኢሜይል ትቼው ነበር። ሰውየው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ሰላምታው ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ማስመለስ ይቻላል ወይ? በሦስት መንገድ ይሞከራል። አንዱ ክርክር ነው። አይካን በ1999 ያጸደቀው የስም ክርክር ሥርዓት አለ። በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል አንድ ዳኛ ብቻ ለሚያየው ጉዳይ ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። ስሙ የንግድ ምልክታችሁ መሆኑን፣ ሰውየው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ ያስመዘገበውም የሚጠቀምበትም በክፉ ልብ መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። የእናንተ ስም የከተማው ስምና «ሙዚየም» የሚለው ቃል ነው። ምልክት ብላችሁ አላስመዘገባችሁትም። በዚህ ገንዘብ የመስታወት ሳጥኖቻችሁን ብታሠሩበት ይሻላል።

ሁለተኛው መግዛት ነው። ከሞከሩ በሙዚየሙ ማኅተም አይጻፉ፣ የትምህርት ቤቱን ታሪክ አይንገሩት። ጭንቀትዎን ባየ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በግል ኢሜይል «ይህ ስም ይሸጣል?» ብቻ። የሚችሉትን ዋጋ አስቀድመው ይወስኑ፣ ካለፈ ይተዉት። ገንዘብም በቀጥታ አይላኩለት።

ሦስተኛው መጠበቅ ነው፣ እኔም ይህን እመርጣለሁ። ቤቲንጎቹ ስማችሁን የፈለጉት ለውበቱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የቱሪዝም ገጾች፣ ዊኪፒዲያ ወደ እናንተ የሚወስድ ሊንክ አድርገዋል፤ ጉግል በዚያ ምክንያት ስሙን ያምነዋል። የገዙት እምነቱን ነው። ስለዚህ እነዚያን ገጾች አንድ በአንድ እየጻፉ ሊንኩን ያስቀይሩ። ጎብኚው ከቤቲንግ ይድናል፣ ስሙም ዋጋ ያጣል። ዋጋ ያጣን ስም በዓመቱ የማያድሱት ብዙዎች ናቸው። የተመዘገበበትን ቀን ይዘው በሚቀጥለው ዓመት ከወሩ ጀምሮ ይፈትሹ።

እስከዚያ ግን አዲስ ስም ያስፈልጋችኋል። ለሙዚየሞች ተብሎ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራ «ዶት ሙዚየም» የሚባል መጨረሻ አለ። ያምራል፣ ግን እዚህ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ስትነግሩት «ዶት ኮም ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ለእናንተ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚሰጠው «ዶት ኢቲ» ይሻላል። በብር ይከፈላል፣ የሰው ካርድ አትለምኑም፣ ሲቸግርም የምትሄዱበት ቢሮ አለ። ዶት ኦርግ ከመረጣችሁ ደግሞ ዶላሩ በተገኘ ጊዜ በርከት አድርጋችሁ ክፈሉ፤ እስከ አሥር ዓመት ይፈቀዳል። የትኛውም ይሁን ባለቤት ተብሎ የሚመዘገበው ሙዚየሙ ይሁን፣ ልጁም እርስዎም አይደላችሁም። የአካውንቱ ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ የተሠራ እንዳይሆን። ስሙ ሲጠፋ ማስታወሻው አብሮ ይጠፋል፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ቆልፎ መውጣት ነው። ጂሜይል ይክፈቱ፣ ይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው የንብረት መዝገቡ ያለበት ካዝና ውስጥ ያስቀምጡ፣ ሒሳብ ሹሙም ይወቀው።

የቀረው ይዘቱ ነው፣ ፎቶውና ጽሑፉ። ዶሜይን ሌላ፣ ሆስቲንግ (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የሰርቨር ኪራይ) ሌላ። ስሙ ተሸጠ ማለት ፋይሎቹ ተሸጡ ማለት አይደለም፤ ልጁ በከፈለበት ሰርቨር ላይ እስካሁን ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ካልተገኙ ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድሮ ገጾች ማኅደር ላይ አድራሻችሁን ይጻፉ። ጽሑፉን አብዛኛውን ያገኙታል፤ ፎቶዎቹ ግን ተቆራርጠው ወይም አንሰው ነው የሚወጡት።

ስለዚህ ልጁን ዛሬ በቴሌግራም ይፈልጉት። አይውቀሱት፤ ስድስት ዓመት በነጻ ያገለገለ ልጅ ነው፣ ከተቆጡትም ስልኩን ይዘጋል። ስለ ዶሜይኑም አይጠይቁት፣ ያ አልፏል። «ሆስቲንጉ የሚያልቀው መቼ ነው?» ይበሉት። ቀኑ ካላለፈ ሙሉ ባክአፑን አውርዶ እንዲልክልዎ ይለምኑት፤ ካለፈም ለሻጩ ጽፎ ፋይሎቹ ገና መኖራቸውን ዛሬውኑ ይጠይቅልዎ።