«ልጄ ዝም አለብኝ፤ መድኃኒቱ ቢቀርበትስ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከኩታበር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ኬሞ ሲወስድ ከረመ። አሁን እቤት ሆኖ እንክብል ይውጣል፤ በየወሩ ደግሞ ለመርፌ እንመላለሳለን። ሐኪሞቹ «ደሙ ጥሩ ነው» ይሉኛል። ልጁ ግን የማውቀው ልጅ አልሆነልኝም። ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ በር ላይ ተቀምጦ ያያል እንጂ አይገባም። በትንሽ ትልቁ ይቆጣል፤ ሌሊት ተነስቶ እንጀራ ይጠይቃል። ትምህርት ቤት በጭራሽ አልሄድም ይላል። በሽታውን አልነገርነውም፤ «የደም ማነስ ነው» ብለነዋል። አያቱም እንዳይነገረው አደራ ብለዋል። የስድስት ዓመት እህቱ ደግሞ ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት ጀመረች። አባቱ «ከሚሰቃይ መድኃኒቱ ቢቀርበትስ» ማለት ጀምሯል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሩ እህቴ። ብዙ ነው የተሸከሙት። ከአባቱ ጥያቄ ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። መድኃኒቱ አይቅርበት። ሐኪሙ ካላለ በስተቀር አንድም ቀን እንዳታቋርጡ።

በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። አብዛኛው ልጅ በመጀመሪያው ወር ገደማ ደሙ ጥሩ ይሆናል፤ ፊቱም ይመለሳል። ግን በማይክሮስኮፕ የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት ተደብቀው ይቀራሉ። ይህ አሰልቺ የእንክብል ጊዜ እነሱን ለማጥፋት ነው። በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። በድሃ አገሮች ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ዘግይቶ መታከምና የመድኃኒት እጥረት አለበት፤ ጀምሮ ማቋረጥም አንዱ ትልቅ ምክንያት ነው።

አባቱ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ልጁ እየተሰቃየ ዝም ሊባል አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የጀመረው የልጆች ካንሰር ዕቅድ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶ የሚሆኑት ልጆች እንዲድኑ ብቻ አይደለም የሚለው፤ የሁሉም ስቃይ እንዲቀንስም ይላል። የልጅ ጨዋታ፣ እንቅልፍና ጓደኛ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የሚታሰቡ ትርፍ ነገሮች አይደሉም። እና መድኃኒቱን ሳንነካ ስቃዩን መቀነስ ይቻላል።

ቁጣውንና የሌሊቱን ረሃብ እንይ። በየወሩ ከመርፌው ጋር ለጥቂት ቀናት የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ይህ መድኃኒት ልጅን ያስርባል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያነጫንጫል፣ ያስለቅሳል፤ ፊትንም ያሳብጣል። ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ መድኃኒቱን የሚወስድባቸውን ቀናት በእስክሪብቶ ያክብቡ። የሚቆጣባቸውን ቀናት ደግሞ በኤክስ ምልክት ያድርጉ። በሁለት ወር ውስጥ ከገጠሙ፣ ልጅዎ ባለጌ አልሆነም ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት ክርክር ይቀንሱ፤ ማታ የሚበላው ነገር አዘጋጅተው ይተኙ። ለእሱም «ይኼ ንዴት ከመድኃኒቱ ነው፤ ያልፋል» ይበሉት። ልጆች ይህን ሲሰሙ ምን ያህል እንደሚቀላቸው ደጋግሜ አይቻለሁ። ቁጣው በሌሎቹም ቀናት ከቀጠለ ግን ሌላ ነገር አለና ለሐኪሙ ይናገሩ።

ኳሱን በተመለከተ የምጠረጥረው እግሩን ነው። ቪንክሪስቲን የሚባለው መርፌ ነርቭ ይነካል፤ እግር ይደነዝዛል፣ ያማል፣ ይዝላል። ዛሬውኑ ጫማውን ያስወልቁትና ጣቶቹን ወደ ላይ አንስቶ በተረከዙ ብቻ ጥቂት እርምጃ እንዲራመድ ያድርጉ። የእግሩ ፊት ካልተነሳለት ወይም ሲሄድ መሬት ላይ «ጧ» እያለ ካረፈ፣ ኳሱ ውስጥ የማይገባው ስለማይችል ነው። ልጅ ጓደኞቹ ፊት ከሚወድቅ በር ላይ መቀመጥ ይመርጣል። ይህንን ለሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳይመለሱ፤ መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚባል የእንቅስቃሴ ሕክምናም አለ። የሆድ ድርቀት ካለውም አብረው ይንገሩ፤ ያው መድኃኒት ያመጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ልጅዎ የማያውቅ ይመስላችኋል። በየወሩ አዲስ አበባ ድረስ እየተመላለሰ፣ ፀጉሩ ተራግፎ፣ ዎርድ ውስጥ እንደሱ ያሉ ልጆችን አይቶ፣ ጠያቂ ሲያለቅስ እየሰማ፣ «ደም ማነስ ነው» ብሎ አይቀበልም። ዝም ያለው እናንተም ዝም ስላላችሁ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ሳይነገረው ሲቀር የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፦ «ስላጠፋሁ ነው»፣ «እማዬን ስላስቸገርኩ ነው»። ከበሽታው ስም ይልቅ ይህ ሐሳብ ነው ልጅን የሚበላው።

ስለዚህ ንገሩት። አያቱ በፍቅር ነው አደራ ያሉት፤ መጀመሪያ እሳቸውን ያስረዱና አብረው ይቀመጡ። አነጋገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የያዘህ የደም ካንሰር ይባላል። ደም በሚሠራበት ቦታ የተበላሹ ሕዋሳት በዝተው ነበር። አንተ አጥፍተህ አይደለም፤ ማንም አላመጣብህም። ወደ እህትህም አይጋባም። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ተመልሶ እንዳይመጣ ደህና ሆነህም ትውጠዋለህ።» ከዚያ ዝም ይበሉና ይጠይቅ። «እሞታለሁ?» ካለ አይደንግጡ፤ «ዝም በል!» አይበሉት። «ምን ሰምተህ ነው?» ብለው ይጠይቁትና ይስሙት። «ሐኪሞቹ እንድትድን እያከሙህ ነው፤ እኛም አንለይህም» ማለት እውነት ነው፣ ይበቃዋልም። መርፌም ሲወጋ «አያምም» አይበሉት። ትንሽ እንደሚያም ይንገሩት፣ ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት፣ የትኛው እጁ እንዲወጋ እሱ ይምረጥ።

የጠያቂ ነገር ደግሞ አለ። የወሎ ሰው ጎረቤቱን በችግሩ ቀን አይተውም፤ ቡናው ይፈላ፣ ዱዓውም ጸሎቱም ይደረግ። ግን ልጁ ፊት ከንፈር መምጠጥና ማልቀስ ይቅር። ጉንፋን የያዘው ሰው ለሌላ ቀን ይቆይ። የባህል መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ካለም ያመስግኑትና አያጠጡት፤ እንክብሎቹ ለብቻቸውም ጉበትን ይፈትናሉ።

ትምህርት ቤት መመለስ ይችላል? በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ አብዛኞቹ ልጆች ይችላሉ፤ ሐኪሙን ጠይቀው በግማሽ ቀን ይጀምሩ። ቀድመው መምህሩን ለብቻ ያነጋግሩ። በሽታው እንደማይተላለፍ፣ ክፍል ውስጥ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ የያዘው ልጅ ከተገኘ በዚያው ቀን እንዲደውልልዎ፣ ማንም በፀጉሩ ወይም በፊቱ እንዳይሳለቅበት ይንገሩት። ከመሄዱ በፊት አንድ ሁለት ጓደኞቹ እቤት መጥተው ቢጫወቱ ይቀለዋል። ለዘመቻ ክትባት ሲመጡ የኩፍኝ ክትባት ለእሱ በሕክምና ላይ እያለ አይሰጥም፤ እህቱ ግን ትከተብ። የፖሊዮ ጠብታ ለሁለቱም ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ደሴ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማደር አይቻልም። የሕክምና ካርዱን ይያዙ፤ ኬሞ ላይ መሆኑን በር ላይ ይናገሩ።

እህቱም ባለጌ ሆና አይደለም። እናቷ በየወሩ ትጠፋለች፣ እቤት ውስጥ ሁሉም በሹክሹክታ ያወራል፤ ፍርሃቷ በሽንት ወጣ። አትቅጧት። ለእሷም በዕድሜዋ ልክ ይነገራት። በቀን ሩብ ሰዓት እንኳ ለእሷ ብቻ የሚሆን ጊዜ ይፈልጉላት፤ ሽሮ ሲያማስሉም ቢሆን።

አዲስ አበባ ሲሄዱ ማረፊያ ካስቸገረዎ የማቲዎስ ወንዱ ካንሰር ሶሳይቲንና ተስፋ አዲስ የተባለውን የካንሰር ታማሚ ልጆች ወላጆች ድርጅት ያጠያይቁ፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣሉ። እዚያ እርስዎም እንደርስዎ ያለች እናት ያገኛሉ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ «እንዴት ነው?» ሲል እርስዎ ቀድመው አይመልሱ። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ የሚያመውንና የሚያስጨንቀውን በራሱ አፍ መናገር ይችላል። እሱ ይናገር፤ የጎደለውን እርስዎ ይሙሉ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም የማያስደስተው፣ የማይተኛ ከሆነ፣ ወይም አንዴ እንኳ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዲያውኑ ያሳዩት።