ማግኔት የሚይዝ ቀለም፦ ከመቀባቱ ማማሰሉ

ሰላም እህቴ። «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ያለሁት። የልጄን ሥዕሎች በፕላስተር ስለጥፍ ቀለሙ አብሮ እየተላጠ አስቸገረኝ። ማግኔት ይይዛል የሚባለው ቀለም እውነት ይሠራል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ አዎ ይሠራል። እኔ ኮዬ ፈጬ የልጆቼን ክፍል አንዱን ግድግዳ ከቀባሁት ሁለት ዓመት አልፎታል። ግን መጀመሪያ አበላሽቼው ስለነበር አንቺም እንዳትደክሚ ልንገርሽ።

ቀለሙ ራሱ ማግኔት አይደለም። ውስጡ ደቃቅ የብረት ዱቄት አለ፤ ማግኔቱ የሚይዘው እሱን ነው። ብረት ደግሞ ከባድ ስለሆነ ጣሳው ሥር ይዘቅጣል። እኔ ይህን አላወቅኩም። ክዳኑን ስከፍት ቀጠን ያለ ግራጫ ነገር አየሁና እሱኑ በሩሎ ቀባሁ። ሲደርቅ ማግኔት ባስጠጋ ሸርተት ብሎ ወደቀ። በኋላ እንጨት ከትቼ ሥሩን ስቆፍረው እንደ ቡና አተላ የተጋገረ ጥቁር ነገር ወጣ። ለካ ብረቱ ሁሉ እዚያ ተኝቷል! ስለዚህ ከሥር እየገለበጥሽ አማስዪው። አንዴ አማስሎ መተው አይበቃም፤ በቀዳሽ ቁጥር ነው። ክንድ ያዝላል፣ ግን ዋናው ሥራ ይሄ ነው።

ሌላው ግድግዳው ነው። ማግኔት ከብረቱ ትንሽ እንኳ ከራቀ ጉልበቱ በጣም ይቀንሳል፤ ሻካራ ልስን ደግሞ ያርቀዋል። ስቱኮ አስመትቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ መዳፌን እያስኬድኩ ምንም እስካይቆረቁረኝ ድረስ አለሰለስኩት። ከዚያ ሦስት እጅ ቀባሁ፤ እያንዳንዱ በደንብ ሲደርቅ ነው ቀጣዩ። ከሰል የተቀባ ይመስላል፤ አትደንግጪ። ከላዩ ሁለት እጅ ስስ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሸፈነው። ወፍራም ከሆነ ግን ማግኔቱ ይደክማል።

አሁን ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ተራ ማግኔት አንድ ወረቀት ይይዛል። ትንንሾቹ ኃይለኛ ማግኔቶች ሦስት አራት ይይዛሉ። ከባድ ነገር ግን አትጠብቂ። እባክሽ እነዚያን ትንንሾቹን ልጅሽ እንዳያገኛቸው ተጠንቀቂ። ሁለት ከዋጠ አንጀቱ ውስጥ ተሳስበው ሊበሱት ይችላሉ፤ ቀልድ አይደለም። እኛ ቤት የምንጠቀመው ሰፋፊዎቹን ብቻ ነው።

ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ወይም ክረምት ላይ እርጥበት የሚያሳይ ከሆነ ተይው። ብረት ነውና ይዝጋል፤ ቡናማ ነጠብጣቡ ነጩን ቀለም አልፎ ይወጣል።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ እኔ ብሆን ቀለሙን ትቼ ስስ ላሜራ አስቆርጬ በፊሸር አስመታ ነበር። አያያዙ ከቀለሙ ይበልጣል፣ ስትለቂም ነቅለሽ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ጠርዙን አሳጥፊው፣ እጅ ይቆርጣል። ልትገዢ ስትሄጂም ማግኔት ይዘሽ ሂጂና እዚያው ሞክሪው፤ አሉሚኒየም ከሆነ አይይዝም።