አብሯችሁ የሚያድር ጓደኛ ሲጨንቀው

ልጆቼ፣ በአእምሮ ሕክምና ሙያ ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ታካሚ ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ እንቅልፉ ነው። ትክክለኛውን መልስ ብዙ ጊዜ የማገኘው ከወላጆቹ ሳይሆን አንድ ክፍል ከሚጋራው ጓደኛው ነው። ሌሊቱን ማን ሲገላበጥ እንደሚያድር፣ ማን መብላት እንደተወ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

አንድ ቀን የከፋው ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ሐዘኑ ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ግን ድባቴ ሊሆን ይችላል። ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ የማያልቅ ልጅም «ጎበዝ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ አትከራከሩት፤ «እኔም እሰማለሁ» ብላችሁም አትዋሹት። «እንደፈራህ ይገባኛል፣ አብሬህ ነኝ» ማለት ይበቃል። ሐኪም ግን ይየው፤ በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም በድንገት ከተምታታበት አትዘግዩ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶች ዘንድ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነበር። ስለዚህ ጓደኛችሁ መኖር እንደመረረው ከተናገረ፣ የሚወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረ፣ ስንብት የሚመስል መልእክት ከላከ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብዙ ሰው ይህን ቃል ማውጣት ይፈራል፤ ያላሰበውን የሚያሳስበው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም። እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። ጠይቃችሁ ዝም በሉ፣ ይናገር። «ምን ጎደለህ?» አትበሉት። ምክሩም ይቆይ።

«አዎ» ካለ ለብቻው አትተዉት። ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ። ያ ክፉ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ያልፋል፤ እስኪያልፍ የሚጎዳው ነገር እጁ ላይ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

«ለማንም አትንገሩ» ብሎ ይለምናችሁ ይሆናል። ቃል አትግቡ። «ይህን ብቻችንን አንችለውም፤ ማንን እንጥራ?» በሉት። ምርጫው የእሱ ይሁን፣ መጥራቱ ግን አይቅር። ቢቀየማችሁም በሕይወት አለና ትታረቃላችሁ።

ሕክምና ሲጀምር ማከሙን ለባለሙያው ተዉት። እናንተ ለቀጠሮው አብራችሁት ሂዱ፣ ማታ ማታም ተራ ገብታችሁ ተኙ። ያያችሁት ነገር እንቅልፍ ከነሳችሁ ለራሳችሁም ቀጠሮ ያዙ።