ፖሊስን በስልክ ስለመቅረጽ፦ የድሬዳዋው ጠበቃ ይመልሳሉ

ጠበቃው፦ በዚህ የመልእክት ቡድናችን ውስጥ በአደባባይ ሥራ ላይ ያለ ፖሊስን ስለመቅረጽ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት እመልሳለሁ። የግል ጉዳይ ያለው ቢሮ ይምጣ።

የሳቢያን ሰፈር ልጅ፦ ጋሼ፣ ፖሊስን ያለ ፈቃዱ መቅረጽ ወንጀል ነው ይባላል።

ጠበቃው፦ የሚለው ሰው አንቀጽ ይጥቀስልህ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይለጠፍና እንዳይባዛ ይከለክላል። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ቁጥር 28 ግን ባለ ምስሉ የሕዝብ ሥራ የያዘ ከሆነ፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተፈጸመ ከሆነ ፈቃድ አያሻም ይላል። በከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ ደንብ ልብስ ለብሶ ባጃጅ የሚያስቆም ፖሊስ ሁለቱንም ያሟላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም መረጃ የመሰብሰብና የማሰራጨት ነጻነት ይሰጣል። ብቻ ራቅ ብላችሁ ቁሙ! ጭቅጭቁ ውስጥ የገባ ሰው ሥራ አደናቀፈ ተብሎ ይያዛል።

ነጋዴዋ፦ ስልክሽን ክፈቺ፣ ምስሉን አጥፊ ካለኝስ?

ጠበቃው፦ ይህን ነበር የምጠብቀው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በእጅሽ ያለውን ንብረትም በስልክ የምትለዋወጪውንም ይጠብቃል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 32 መሠረት ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚፈተሸው፣ ተይዞ ሳለ በተጠረጠረበት ወንጀል ማስረጃ ይዟል ተብሎ ሲገመት ነው። አጥፊ የሚለውን ግን ከየት እንዳመጡት እንጃ። ማስረጃ ከሆነ ይያዛል እንጂ ይጠፋል? ቢወስድብሽ አትታገይ፤ የተረከበበትን ወረቀት ጠይቂ።

ባለ ባጃጅ፦ በአጭሩ፣ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ጠበቃው፦ ከላይ አንብብ።

ጡረተኛው መምህር፦ ፖሊስም ልጆች አሉት፤ አባታቸው ሲሰደብ ማየት አለባቸው?

ባለ ባጃጅ፦ እኛስ ልጅ የለንም አቦ? በካቴና ስንመራ የእኛን ፊት ማን ይሸፍናል?

ጡረተኛው መምህር፦ ትርፍ ስትጭኑ ነዋ የምትያዙት። ታሪፉንም በእጥፍ...

ባለ ባጃጅ፦ ቤንዚን አንተ ትገዛልኛለህ?

ጠበቃው፦ ስለ ታሪፍ አልመልስም። የካቴናው ነገር ግን ጥያቄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ ቪዲዮውን ስትለቁት የተያዘውን ሰው ፊት ሸፍኑ፤ ዋናውን ግን ሳትቆርጡ፣ ሙዚቃ ሳትጨምሩ አስቀምጡ። አንድ ደንበኛ ያመጣልኝ ቪዲዮ 11 ሰከንድ ነበር፤ አቧራ፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ ከዚያ ጨለማ። ዱላው ከመቀረጹ በፊት አልፏል። በዚያ ምን ልከራከር?

የሳቢያን ልጅ፦ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይስ?

ጠበቃው፦ እዚያም፣ ካምፕና ኬላ ዳርም አትሞክረው።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ አሁን ነው የገባሁት፤ ፖሊስን መቅረጽ ይቻላል?

ጠበቃው፦ አንድ ሰዓት ሆኗል።