የረገፈ ስቱኮ ያለው መስኮት ይጠገን ወይስ ይቀየር?

አንዲት የአዲስ አበባ አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ቤታችን ከተሠራ 20 ዓመት ሆኖታል። መስኮቶቹ የብረት ናቸው። ባለቤቴ ‹በየዓመቱ መፋቅና መቀባት ገንዘብ መጨረስ ነው፤ ሲበላሽ በአሉሚኒየም እንቀይረዋለን› ይላል። አምና ክረምት ግን በመኝታ ቤቱ መስኮት ውሃ ገባ። ከሥሩ ያለው የግድግዳ ቀለም አብጦ ረገፈ። ነፋስ ሲመጣም መስታወቱ ይንቀጫቀጫል። እንዲህ ያለ መስኮት ልፋቱን ያወጣል?»

እህቴ፣ ባለቤትሽ ያለው እውነት አለበት። በየዓመቱ ሙሉውን መስኮት መቀባት አያስፈልግም። ዝገቱ ሳይነሳ የሚቀባ ቀለም ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ ከሥር መብላቱን አያስቆመውም። እስኪበላሽ መጠበቁ ግን ከዚህም የባሰ ያስወጣችኋል። የሚያዋጣው የውሃውን መግቢያ መዝጋት ነው።

የእናንተ መስኮት እኛ ኤልቲዜድ የምንለው፣ በኤል፣ በቲና በዜድ ፊደል ቅርጽ የወጣ የመስኮት ብረት ይመስለኛል። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ነው። ስቱኮ ማለት በዘይት የተለወሰ የጠመኔ ዱቄት ነው። ፀሐይ ዘይቱን ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል። ቀን ብረቱ ግሎ ይለጠጣል፣ ሌሊት ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፣ ስንጥቁም እየሰፋ ይሄዳል። የሐምሌ ዝናብ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ታችኛው ብረት ላይ ይተኛል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። እያበጠ ስቱኮውን ይገፋል፤ በመጨረሻ መስታወቱን ከጥጉ ይሰነጥቀዋል። ማንም ሳይነካው የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወት አይተሽ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

መጀመሪያ በካቻቢቴ ጫፍ ታችኛውን ብረት፣ በተለይ ሁለቱን ጥጎች፣ ጠቅ ጠቅ አድርጊው። የሚረግፈው ላዩ ብቻ ከሆነ ይጠገናል። ካቻቢቴው ዘልቆ ከገባ ስቱኮ አያድነውም። ያኔም ቢሆን በያጅ ጠርታችሁ የተበላችውን ቁራጭ ማስቀየር ይቻላል፤ ለእሷ ሲባል ሙሉ መስኮት አይነቀልም። በያጁ መስታወቱን ሳያወጣ ልሥራው ካለ ግን እሺ አትበይው። ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል፤ የብየዳው ፍንጣሪ ደግሞ መስታወት ላይ ከተጣበቀ አይለቅም።

ብረቱ ደህና ከሆነ የላላውን ስቱኮ ብቻ አንሺ። አጥብቆ የያዘውን አትንኪው፤ ሲፈለቀቅ መስታወቱን ይዞት ይሄዳል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቂው። አቧራውን ጥረጊና አንቲረስት፣ ማለትም ዝገት የሚከላከለውን ቀለም፣ ቀቢ። አንቲረስቱ ሲደርቅ አዲሱን ስቱኮ አስገቢ፤ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ ውጭ አዘቅዝቀሽ አስተካክዪው። ወዲያው አትቀቢው። ላዩ ቆዳ እስኪይዝ 2 ሳምንት ያህል ታገሺ።

ቀለሙ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከስቱኮው አልፎ መስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይውጣ። ብዙ ቀቢዎች ለንጽሕና ብለው ይቺን ጠርዝ በምላጭ ፍቀው ያነሷታል። በስቱኮና በመስታወት መካከል ውሃ እንዳይገባ የምትከለክለው ግን እሷ ናት። ቀቢ የምታስገቡ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ንገሩት። ከፎቅ የሚሠራ መስኮት ከሆነ ደግሞ በራስሽ አትሞክሪው፣ ሠራተኛ ጥሪ።

አሉሚኒየም ብንቀይር ከዚህ ሁሉ እንገላገላለን ብላችሁ ከሆነ፣ እሱም ሥራ አለው። ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮት ከታች፣ በውጭ በኩል፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉት። አንድ ጊዜ አዲስ መስኮት ውሃ እያስገባ ነው ተብዬ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የመጣ ባለሙያ ውሃ የሚገባባቸው መስለውት ቀዳዳዎቹን በሲልከን ደፍኗቸዋል። መውጫ ያጣ ውሃ ሞልቶ ወደ ቤት ይፈሳል። ሲልከኑን በምላጭ አነሳሁ፣ መስኮቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ደፋሁ፣ ወደ ውጭ ወረደ። ሥራው ይኸው ነበር። ባለ አሉሚኒየሞች ከክረምት በፊት አቧራውን ጠርጋችሁ በአንድ ኩባያ ውሃ ሞክሩት። ሐዲዱን ግሪስ ወይም የምግብ ዘይት አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል። ሻማ ማሸት ይበቃል።

የእናንተን ግንቦት መጀመሪያ ላይ ጀምሩ፤ ስቱኮው ደርቆ ቀለሙ ሰኔ ሳይገባ ያልቃል። ለሌሎቹ መስኮቶች በዓመት አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን መፈተሽ ይበቃል። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ግን አብራችሁ አትቀቡት። አንድ ክረምት ይለፍበት። ነሐሴ አልፎም ደረቅ ሆኖ ከቆየ ያበጠውን ፍቃችሁ ጥቅምት ላይ ቀቡት።