የአንባቢያን ጥያቄ፦ አሞሪም ይባረር ወይስ ይቆይ?

ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ቢልባኦ ላይ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜውን ከተሸነፈ ወዲህ የመጡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከማንቼ ደጋፊዎች ናቸው፣ አንዳንዱ ተናዶ ነው የጻፈው አንዳንዱ አዝኖ። ስለዚህ የሰኔ 2017ን አምድ (በፈረንጆቹ 2025፣ ሩበን አሞሪም ገና የማንቼ አሰልጣኝ ሳለ) በሙሉ ለአሰልጣኝ ጉዳይ ሰጥተነዋል፣ በመልሶቹ ውስጥ ያሉት አመታት ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኞቼ ጨዋታ የምናየው አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው፣ በቶተንሃም ፍጻሜውን ከተሸነፍን ወዲህ ግን ሰላም የለም፣ ግማሹ አሞሪም ዛሬውኑ ይሂድ ይላል ግማሹ ጊዜ ይሰጠው ይላል፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? (ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መሀል ላይ መቆምህ አይገርመኝም። ይባረር የሚሉት ጓደኞችህ ዝም ብለው አይደለም የሚጮሁት፣ ቁጥሩ ከነሱ ጋር ነው። በ2024/25 ሊግ 42 ነጥብ፣ 15ኛ ደረጃ፣ 18 ሽንፈት። ክለቡ በ1973/74 ከወረደ በኋላ እንዲህ ዝቅ ብሎ ጨርሶ አያውቅም። አሞሪም ራሱ የመራቸውን የሊግ ጨዋታዎች ብቻ ለይተህ ካየህ ደሞ 27 ጨዋታ 27 ነጥብ ነው፣ 7 አሸንፎ 6 አቻ ወጥቶ 14 ተሸንፏል። በዛ ላይ የቶተንሃሙ ጨዋታ በአንድ ጎል ሲያልቅ ለአሸናፊው የሚሰጠው የሻምፒዮንስ ሊግ ቦታም አብሮ ሄደ፣ እሱ ማለት ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ማለት ደሞ ተጫዋች ነው።

እኔ ግን ይቆይ ነው የምለው። ምክንያቴ ሰውየውን ስለወደድኩት አይደለም (እወደዋለሁ፣ ከፍጻሜው በኋላ ቦርዱና ደጋፊው ካልፈለጉኝ ያለ ካሳ እሄዳለሁ ግን ራሴ አልለቅም ማለቱ የወንድ ንግግር ነው)። ምክንያቴ ይሄ ክለብ አሰልጣኝ የሚያባርርበትን ጊዜ አይቼ ነው። ሞሪንሆ ጥር 2018 ላይ ኮንትራቱ ተራዘመለት፣ በዛው አመት ዲሴምበር ላይ ተባረረ፣ ለሱና ለረዳቶቹ 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ። ሶልሻየር በጁላይ 2021 እስከ 2024 ተፈረመለት፣ ኖቬምበር ላይ በዋትፎርድ 4 ለ 1 ተሸንፎ በማግስቱ ሄደ። ቴን ሃግ ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፎ የኤፍኤ ካፕ ስለበላ ክረምቱን ሙሉ ይባረር አይባረር ሲባል ቆይቶ በጁላይ 2024 ኮንትራት ተጨመረለት፣ ዴ ሊክት መጣ፣ ማዝራዊ መጣ፣ ዚርክዜ መጣ፣ ኡጋርቴ መጣ፣ ከዛ ኦክቶበር 28 ላይ ቡድኑ 14ኛ ሆኖ ተሰናበተ፣ 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣበት። ሶስቱንም አመት ሳይሞላቸው! የተገዙት ተጫዋቾች ደሞ ሌላ ሲስተም ላለው ሌላ ሰው ቀሩ።

ስለዚህ ለጓደኞችህ ይሄን በላቸው፦ ቦርዱ በአሞሪም ካላመነ ዛሬ በሰኔ ያሰናብተው፣ አዲሱ ሰው ሙሉ ክረምት ያግኝ፣ እኔም አልቃወምም። ካመነበት ደሞ የሚፈልገውን ይግዛለትና ጥቅምት ላይ ሶስት ጨዋታ ሲሸነፍ እንዳይደነግጥ። በክረምት አስገዝቶ በመኸር ማባረሩ ነው እየገደለን ያለው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ ማንቼን ከ1990ዎቹ ጀምሮ ነው የምደግፈው፣ እዚህ ጅዳ ያሉ ልጆች አሰልጣኝ ይባረር ሲሉ በጣም ያናድዱኛል። ፈርጉሰንም እኮ ሊባረር ነበር፣ ታግሰውት አይደል ያ ሁሉ ዋንጫ የመጣው? የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። (ከጅዳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ትዝታዎ ትክክል ነው። ፈርጉሰን በኖቬምበር 1986 ሲመጣ ክለቡ ከታች ሁለተኛ ነበር፣ በ1988 ሁለተኛ ወጣ፣ በሚቀጥለው አመት 11ኛ፣ ከዛ 13ኛ። በዲሴምበር 1989 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሶስት አመት ሙሉ ሰበብ በቃን፣ ቻው ፈርጊ የሚል ባነር ወጥቷል። ጃንዋሪ 1990 በኤፍኤ ካፕ ኖቲንግሃም ፎረስት ላይ ማርክ ሮቢንስ ያገባት ጎል አዳነችው ይባላል፣ በዛው አመት ክሪስታል ፓላስን በድጋሚ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። ሊጉን ለማግኘት ግን እስከ 1993 መጠበቅ ነበረበት።

ይሁንና ጋሼ፣ በዚህ ታሪክ ብቻ ልጆቹን ዝም ማሰኘት አይቻልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለአንድ ፈርጉሰን ታግሰናቸው ምንም ያላመጡ አሰልጣኞች በየክለቡ ሞልተዋል፣ ስማቸውን ስለማናስታውስ ነው። ደሞ ፈርጉሰን ማንቼ ሲመጣ ባዶ እጁን አልነበረም፣ በ1983 አበርዲንን ይዞ ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ያነሳ ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ግን የወቅቱ ሊቀመንበር ማርቲን ኤድዋርድስ ያኔ ሊያባርሩት አስበው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ማለትም ትዕግስት ብቻ አልነበረም፣ ውስጥ ሆነው ወጣቶቹ ላይ የሚሰራውን ስራ እያዩ ነበር። የዛሬዎቹ ባለቤቶችም ውስጡን አይተው ይወስኑ ነው የምለው፣ ከሰንጠረዡም ከጩኸቱም አይደለም።

አሞሪምም ባዶ እጁን አልመጣም። ስፖርቲንግን ከ19 አመት በኋላ በ2021 የሊግ ዋንጫ ያስበላው እሱ ነው፣ በ2024ም ደገመው፣ ወደኛ ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት ሲቲን 4 ለ 1 አሸንፎታል።

ጥያቄ፦ እኔ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ ግን መልሱልኝ። የማንቼ ልጆች አርቴታም እንዲህ ነበር እያሉ ይጽናናሉ፣ እኔ ግን አንድ አይመስለኝም። ልክ ነኝ ወይስ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ ግማሽ ልክ ነሽ። አርቴታ በ2020 ገና ሰሞን 15ኛ ላይ ነበር፣ በሊጉ 7 ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆይቶ፣ ያኔ እዚህ አዲስ አበባ የአርሴናል ማልያ ለብሶ አርቴታ ይውጣ የማይል ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ከዛ በፈረንጆቹ የገና ማግስት ስሚዝ ሮውን፣ ሳካንና ማርቲኔሊን አሰልፎ ቼልሲን 3 ለ 1 አሸነፈ። ልዩነቱ አርቴታ ቀድሞ በኦገስት 2020 የኤፍኤ ካፕ በልቷል፣ አሞሪም ምንም የለውም፣ እሱ ላይ ልክ ነሽ።

የማንቼ ልጆች ሊያዩት የሚገባው ግን ቀጥሎ የመጣውን ክረምት ነው። አርሴናል በ2021 8ኛ ወጥቶ ከ25 አመት በኋላ ከአውሮፓ ውጪ ሆነ፣ ልክ እንደ ማንቼ ዘንድሮ። ቦርዱ ግን ኦዴጋርድን፣ ዋይትን፣ ራምስዴልን፣ ቶሚያሱን ገዛለት፣ ሲዝኑ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሶስት ጨዋታዎች ተሸንፎ በሲቲ 5 ለ 0 ተደብድቦ የሊጉ መጨረሻ ላይ ሆነ፣ አልነኩትም! ኦባሜያንግ ካፒቴን ሆኖ ዲሲፕሊን ሲያጠፋ አሰልጣኙን ደገፉ እንጂ ተጫዋቹን አይደለም። ከዛ 5ኛ፣ ከዛ ሶስት ጊዜ ተከታታይ 2ኛ። አሰልጣኝ ጊዜ ተሰጠው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፣ ደሞዙን እየከፈሉ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ጊዜ መስጠት አይደለም።

ጥያቄ፦ ፖስቴኮግሉ ለቶተንሃም ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አምጥቶ በሁለት ሳምንቱ ተባረረ። ይሄ ፍትህ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ያማል። ግን 38 ነጥብ ይዞ 17ኛ የወጣ፣ 22 የሊግ ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው፣ እና በሰኔ ነው ያሰናበቱት፣ በሳምንቱ ደሞ ቶማስ ፍራንክን ከብሬንትፎርድ አምጥተዋል። ዋንጫው ስለ ግንቦት አንድ ምሽት ነው የሚነግርህ፣ ስለሚቀጥለው አመት አይደለም። ማንቼ የቴን ሃግን የኤፍኤ ካፕ አይቶ ሀሳቡን ባይቀይር ኖሮ ዛሬ የት እንደምንሆን አስበው።

ጥያቄ፦ እኔ አሞሪምን የምቃወመው በአንድ ነገር ነው፣ ያ 3-4-3። ቡድኑ እንደማይችለው እያየ ለምንድነው የማይቀይረው? ይሄ ግትርነት አይደለም? እኛ እዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፋችን እየተነሳን የምናየው ለዚህ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ሲስተሙ ሶስት ሴንተርባክ (የመሀል ተከላካይ) አለው፣ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጡ ሁለት ዊንግባኮች፣ መሀል ላይ ሁለት አማካይ፣ ከአጥቂው ጀርባ ሁለት አስር ቁጥሮች። ማንቼ ደሞ ለብዙ አመት የተገነባው በአራት ተከላካይና በሁለት ክንፍ አጥቂ ነው። ራሽፎርድ፣ ጋርናቾ፣ አንቶኒ ሶስቱም መስመር ይዘው ካልተጫወቱ ቦታ የላቸውም፣ አንቶኒ ያን ሁሉ ገንዘብ ወጥቶበት ቤቲስ በውሰት ሄደ፣ ራሽፎርድ ቪላ ሄደ። ዊንግባክ ደሞ የለም! ዳሎት ቀኝ እግር ሆኖ ግራ መስመር ላይ ሲጫወት ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ያኔ ቡድኑ በሙሉ መሀል ላይ ይታሸጋል፣ ተጋጣሚ ለመከላከል ምንም አይቸገርም። ዶርጉ ጥር ላይ ከሌቼ መጣ፣ ጥሩ ልጅ ነው ግን ገና ወጣት ነው። መሀል ላይ ካሴሚሮ ጭንቅላቱ አሁንም አለ፣ እግሩ ግን ያንን ሁሉ ሜዳ አይሸፍንም፣ ስለዚህ ብሩኖ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ብሩኖ ከተመለሰ ደሞ ፊት ለሆይሉንድ ኳስ የሚያቀብለው ሰው የለም፣ ሆይሉንድ ሊጉን በ4 ጎል ነው የጨረሰው።

እና ለምን አይቀይረውም ላልከው፣ በኖቬምበር መሀል ሲዝን ላይ ነው የመጣው፣ በየሶስት ቀኑ ጨዋታ ነበረ፣ ልምምድ የሚሰራበት ጊዜ አልነበረውም። ቀይሮ አቻ እያወጣ ቢጨርስ 11ኛ ይወጣ ይሆናል፣ ግን በክረምት እንደገና ከዜሮ ይጀምር ነበር። እሱ ሲዝኑን ሰዋው፣ እኔ ሂሳቡን እረዳዋለሁ። የማልቀበለው ግን በጨዋታ መሀል እንኳ አለመቀየሩን ነው። 1 ለ 0 እየተመራህ 70ኛ ደቂቃ ላይ ሶስት ሴንተርባክ ይዞ መቆየት ሲስተም ማክበር አይደለም፣ በዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ቢልባኦም ላይ የታየው ይሄው ነው። በሌላ በኩል ሊዮንን በተጨማሪ ሰአት 4 ለ 2 እየተመራ 5 ለ 4 ያሸነፈበትን ማታ ካየህ ተከላካዩን ማጓየርን አጥቂ አድርጎ ወደ ፊት መላክ እንደሚችልም ታውቃለህ። ሲፈልግ ይቀይራል ማለት ነው፣ ስለዚህ አልችልም የሚል ምክንያት የለውም።

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዝ ብቻ አታውሩ እንጂ። እኛ ሀገርም አሰልጣኝ ማባረር ልማድ ሆኗል፣ ለምን? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ እውነትህን ነው፣ አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። ሰውነት ቢሻው ዋልያዎቹን ከ31 አመት በኋላ ለ2013ቱ አፍሪካ ዋንጫ አሳለፈ፣ በዛው አመት ለአለም ዋንጫ የመጨረሻው ዙር ደርሶ በናይጄሪያ ነው የቆመው። ጃንዋሪ 2014 ደቡብ አፍሪካ ላይ በቻን (በሀገር ውስጥ ሊግ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር) ሶስቱንም ጨዋታ ያለ ጎል ተሸነፈ፣ ከዛ ተሰናበተ። ቻኑ መጥፎ ነበር፣ አልከራከርም። ግን ፖርቱጋላዊው ባሬቶ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሄደ፣ ቡድኑም ያንን ከፍታ ቶሎ አላገኘውም። ሰውየውን ስናሰናብት በሱ ቦታ ማን ይመጣል፣ ምን ይዞ ይመጣል የሚለው አልተመለሰም ነበር። በክለቦቻችንም የማየው ይሄንኑ ነው፣ ሁለት ሽንፈት፣ የቲፎዞ ጩኸት፣ ስብሰባ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ እሺ ይቆይ እንበል። በሚቀጥለው ሲዝን እየተሻሻለ መሆኑን ወይም አለመሆኑን በምን እናውቃለን? ውጤቱን ብቻ ነው የምናየው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውጤቱን ለጊዜው ተወውና ዊንግባኮቹን እይ። ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ሁለቱም የተጋጣሚ ሳጥን አካባቢ ከደረሱ ልምምዱ ገብቷል ማለት ነው፣ አንዱ ወደ ኋላ እያየ ከቀረ አልገባም። ሁለተኛ ብሩኖ የት ነው የሚቆመው? ከሁለቱ አማካዮች አንዱ ሆኖ ከቀጠለ የሚያስፈልገው አማካይ አልተገዛም ማለት ነው፣ ያ የቦርዱ ጥፋት ነው። ኩኛ ከዎልቭስ በ62.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቷል፣ ለአስር ቁጥሩ ቦታ ልክ ነው፣ አማድም ምን እንደሚችል ሳውዝሃምፕተን ላይ በ12 ደቂቃ ሶስት ጎል አግብቶ አሳይቶናል። ሶስተኛ፣ በሚቀጥለው ሲዝን አውሮፓ ስለሌለ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ አለው፣ የዘንድሮው ሰበብ አይሰራም። የቀድሞው የማንቼ አሰልጣኝ ቫን ሃልም በ2014/15 ያለ አውሮፓ ነው 4ኛ የወጣው። እስከ ህዳር ድረስ እነዚህን ሶስቱን እያየህ ቆይ፣ ካልተቀየሩ ጻፍልን፣ ያኔ እኔም ካንተ ጋር ሆኜ ቀጣዩ ሰው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ።